በአያ ምናሉ ጤፍ ውስጥ የቆሙት ዛፎቼ

ሞጣ ላይ ቤት የሠራ ሰው ወይ አጠና ከእኔ ገዝቷል፣ ወይ እኔን አምቷል። አብዛኛው ሁለቱንም አድርጓል። እኔም አልቀየምም፤ ገዝቶ የሚያማ ደንበኛ ሳይገዛ ከሚያመሰግን ይሻላል።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ የቀረውን መናኸሪያው፣ ገበያውና ያታለሉኝ ሰዎች አስተምረውኛል። ከመምህሮቼ ሁሉ ደህና አድርገው ያስተማሩኝ ያታለሉኝ ናቸው። የቆመ ባሕር ዛፍ ካየሁ ስንቱ ለቋሚ፣ ስንቱ ለማገር፣ ስንቱ ለማገዶ እንደሚሆን ከመኪና ሳልወርድ እነግራችኋለሁ። ያን ጊዜ የማላውቀው ከዛፉ በታች ያለውን ነበር። ከዛፉ በታች ያለው አይሸጥም፤ የማይሸጥ ነገር ደግሞ አላጠናም ነበር።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በሬ የሞተበት ወይም ጉልበት ያጠረው ገበሬ መሬቱን በኮንትራት ይሰጠኛል። እኔ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ፤ ሲደርስ ቆርጬ እሸጣለሁ፤ ጉቶው እንደገና ያበቅላል፤ ያንንም እቆርጣለሁ። ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱን ለባለቤቱ እመልሳለሁ። በውሉ ላይ ሁልጊዜ የማስጽፋት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ «መሬቱን አጽድቼ እንደተረከብሁት አስረክባለሁ» የምትል። እንዴት ያለች ዐረፍተ ነገር መሰለቻችሁ! የስንቱን ገበሬ ልብ እንዳራራችልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቢቸና ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለውን ማሳ የሰጡኝ አያ ምናሉ ናቸው። ሁለቱ በሬዎቻቸው በአንድ ክረምት ሞተውባቸው ነው እንጂ ያንን ጥቁር ዋልካ መሬት ለዛፍ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። ዛፉን ሁለት ጊዜ ቆረጥሁ። ከዚያ ጤፍ ተወደደ። እንደምታስታውሱት አገሩ ሁሉ የተከለውን ባሕር ዛፍ መንቀል ያዘ። አያ ምናሉም «ዘመኑ አልቋል፤ መሬቴን» አሉኝ። አማቻቸው በሬ ሊያውሳቸው ነው።

ጉቶ አስነቅላለሁ ማለት ቀላል ነው። ጉቶ ሲነቀል ግን ሰው የሚሸሽግ ጉድጓድ ይተዋል። ጉቶውን ለማገዶ ሸጥሁት። የቀረው ቅርፊቱ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ነው፤ እንደ ተራራ የተከመረ። እሱን ለመጫን ሦስት አራት መኪና ይፈጃል። የቆፋሪዎቹ አለቃ ካሳ መጥቶ፣

«እትዬ፣ ይኼን ጉድ የት እንድፋው?» አለኝ።

«ጉድጓዱ ምን ይሠራል?» አልሁት። «አፉን ከፍቶ ነው የተቀመጠው። አጉርሰው።»

ካሳ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያች ቀን ብልጥነቴን ራሴ አደነቅሁት። ጉድጓዱን ሁሉ በቅርፊትና በቅጠል ሞልተው፣ ረግጠው፣ ከላይ ክንድ የማይሞላ አፈር አለበሱት። ሽማግሌዎቹ ለርክክብ ሲመጡ ማሳው ሜዳ ሆኖ ጠበቃቸው። የአጥቢያው ሽማግሌ መሪጌታ ስሜነህ ከዳር እስከ ዳር ሄደው፣

«እንደ ዐውድማ አደረግሽው እኮ!» አሉኝ።

አያ ምናሉ መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ሞጣ ገባሁ። እኔ ሲመርቁኝ ለምን ብዬ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም።

ይህ በግንቦት ነው። በጥቅምት አጋማሽ ስልኬ ጮኸ። የአያ ምናሉ ባለቤት እትዬ የውብዳር ናቸው።

«ጥሩዬ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ፤ ነይልኝ» አሉ። ድምፃቸው ሌላ ነው። «ሰዉ ምናሉን ሊያወጣው ነው።»

«ከየት ነው የሚያወጣቸው?»

«ከሰውነት ነዋ! እሳት እንዳይጫር፣ ከብቱ ከከብት እንዳይቀላቀል፣ ሲሞትም እንዳይቀበር ሊወስኑበት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ።»

«ምን አድርገው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሐምሌ ገብርኤል አርሶ ዘርቷል» አሉኝ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። በእኛ አገር በዓል ሽሮ ማረስ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። በረዶ ቢወርድ የሚወርደው በአጥቢያው ሁሉ ላይ ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የሻረውን ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል። አያ ምናሉ ደግሞ የአማቻቸውን በሬዎች የሚያገኙት ለዚያች አንድ ቀን ብቻ ነበር። ዝናቡም ለዘር የተመቸው ያን ቀን ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው አረሱ። በመስከረም በረዶ ወረደና የእሳቸውን ጤፍ ትቶ የጎረቤቱን አጋደመው።

«በረዶውንስ ብዙ ቦታ ወርዷል ብለን ተከራክረን ነበር» አሉ እትዬ የውብዳር። «አሁን ግን ማሳው ራሱ ምልክት አወጣ። መጥተሽ እዪው። መሬቱን ስታስረክቢ እንዴት እንደነበረ ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁሽ ይፈልጋሉ። የዛፉ ድካም ነው በይልኝ ጥሩዬ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ባሪያሽ ልሁን!»

ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አያ ምናሉ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ያሰብሁት ስለ ራሴ ነው። ዛፌ መሬት ያደክማል ብዬ በሽማግሌ ፊት ከተናገርሁ ከሉማሜ እስከ መርጡለ ማርያም ማን መሬት ይሰጠኛል?

ቅዳሜ በጠዋት ተሳፈርሁ። መንገዱ አንድ ሳምንት ተዘግቶ አንድ ሳምንት የሚከፈትበት ሰሞን ነበርና ግንደወይን ላይ ሁለት ሰዓት ቆምን። ሰው ስለ መንገዱ ሲያማርር እኔ ይዘጋ ይሆን እያልሁ በልቤ እመኝ ነበር። አልተዘጋም።

አያ ምናሉ ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ከስተዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ወደ ጤፉ ዞርሁ፤ የዞርሁበትን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ጤፉ አረንጓዴ ነው፤ ትንሽ ሳሳ ያለ ግን ደህና። በአረንጓዴው መሐል ቢጫ ክቦች አሉ። እያንዳንዱ ክብ የምጣድ አክንባሎ ያህላል። በውስጡ ያለው ጤፍ ከጣት አይበልጥም፤ ጫፉ ነድዷል። ክቦቹ ደግሞ እንዲያው የተበተኑ አይደሉም፤ ቀጥ ባለ መስመር፣ እኩል እየተራራቁ እስከ ማሳው ጫፍ ድረስ ይሄዳሉ። ከዚያ ሌላ መስመር። ከዚያ ሌላ።

እግሬ ርቀቱን ያውቀዋል። እኔው ነኝ ገመድ ዘርግቼ ያስተከልሁት። ዛፎቼ ተቆርጠው፣ ተጭነው፣ ተሸጠው፣ የሰው ቤት ሆነው፣ ጥላቸው ብቻ እዚህ ቀርቶ ቆሟል።

«አየሽ?» አሉኝ አያ ምናሉ። «መልአኩ ሰይፉን እየተከለ የሄደበት ነው ይላሉ። ሲቆጣ እንኳ በመስመር ነው፤ እንደኛ ዝም ብሎ አይወራጭም።»

«ማዳበሪያ አንሶት እንዳይሆን» አልሁ። አፌ ነው የተናገረው።

«ሁሉንም እኩል ነው የበተንሁት ልጄ።»

«ውኃ ተኝቶበት ይሆናል።»

«ሜዳ አድርገሽ አስረክበሽኝ፣ ውኃ ምን ላይ ይተኛል?»

ነገሩ እኔን ለመውጋት አልነበረም። እሳቸው እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «የጤፍ ነገር አይታወቅም» ብዬ ዝም አልሁ። ይህችን ዝምታ ሰው አላወቀብኝም፤ እኔ ግን እዚህ የጻፍኋት አውቄ ነው።

ማታ እቤታቸው እራት ቀረበ። እትዬ የውብዳር እያጎረሱኝ፣ «እነሱ የሚፈልጉት ምክንያት ነው፤ ምክንያት ካገኙ ይተዉታል» ይሉኛል። አያ ምናሉ አልበሉም። ከበዓሉ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ ውስጥ እንደማይገቡ፣ በሩ ላይ ቆመው እንደሚመለሱ ያን ማታ ሰማሁ። ማንም አልከለከላቸውም። ራሳቸው ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቅጥሩ ውጭ በድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ስሜነህ መሐል፣ አያ ምናሉ ዳር ቆመው። በረዶው ክፉኛ የጎዳው ጎረቤታቸው ደመላሽ ከፊት ነው። ደመላሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ አምስት ልጆች ያሉትና ጤፉ የተኛበት ሰው ነው።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩወርቅ፣ ከሩቅ አመጣንሽ። መሬቱን ስታስረክቢ እኔም ነበርሁ፤ ደህና መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ዛፉን ታውቂዋለሽ። ይኼ ነገር ከዛፉ ነው?»

በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁትን፣ ገበያዬን ብዙ የማይጎዳውን ተናገርሁ። ያዘጋጀሁት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት የተሻለ ይሸጣል። «የኔታ፣ ባሕር ዛፍ የቆየበት መሬት ይደክማል። የማንም ይሁን የማን፣ ለጥቂት ጊዜ ይደክማል። የአያ ምናሉ ብቻ አይደለም» አልሁ።

ሰዉ አጉተመተመ። እትዬ የውብዳር ከሴቶቹ መሐል በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም ተነፈስሁ።

ደመላሽ ተነሣ። «እሺ፣ ድካሙን ሰማን። የኔም ማሳ እኮ ባሕር ዛፍ ነበረበት! የነቀልሁት አምና ነው። እውነቷን ነው፣ ሳስቷል። ግን ሁሉም ቦታ ነው የሳሳው፤ እንደ ሽማግሌ ፀጉር። ክብ የለውም። ድካም እንዴት ክብ ይሠራል? እስቲ ክቡን ታስረዳን!»

ዐይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ።

«ክቡን…» አልሁ። «ክቡማ…»

«ሴትዮዋን ተዉአት» የሚል ድምፅ መጣ። አያ ምናሉ ናቸው። «ከሞጣ ድረስ ለእኔ ብላ መጥታ አታስጨንቋት። ነገሩ ግልጽ ነው። የመልአኩን ቀን አውቄ ነው ያረስሁት። ረስቼ እንኳ አይደለም።»

ይህን ብለው ጎንበስ አሉና ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሡ። የሰው ራስ የሚያክል ድንጋይ ነው። ማጅራታቸው ላይ አድርገው ደመላሽ ፊት ሄደው ተደፉ። በደለኛ ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ።

«ጤፍህን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ልጆችህን ያስራብሁ እኔ ነኝ። አፈር ልሁን፣ ይቅር በለኝ» አሉ።

ደመላሽ ደነገጠ። የአባቱ እኩያ ናቸው። «ኧረ አያ ምናሉ፣ ኧረ ይነሡ!» አለ እንጂ ማጅራታቸው ላይ ያለውን ድንጋይ አላወረደም። ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱ ማውረድ አይቻልማ። አንገታቸው ይንቀጠቀጣል። ደም ሥራቸው ተግተርትሯል።

እኔ ሰው ሲለምን አይቼ የምራራ ሴት አይደለሁም፤ ገበያ ላይ የሚለምን ሰው ግማሹ ዋጋ ለማስቀነስ ነው። ያን ቀን ግን የሰውዬው አንገት የተሸከመው የኔን ድንጋይ ነበር። ያንን የማውቀው ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔ ብቻ ነኝ።

«ድንጋዩን አውርዱላቸው» አልሁ።

«ቆይ እንጂ» አሉ መሪጌታ፣ «ገና…»

«አውርዱላቸው! አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ይከተለኝ።»

ደመላሽ፣ «በሰንበት ዶማ? ምን ሊደረግ ነው?» አለ።

«ክቡን ታስረዳን አላልኽም? ላስረዳህ ነው። ለፍርድ እንጂ ለእርሻ አይደለም።»

ማሳው ቅርብ ነው። ሰዉ ሁሉ ተከተለኝ። መጀመሪያ ያገኘሁት ክብ ላይ ቆምሁና «እዚህ ጋ ቆፍሩ» አልሁ። አንዱ ጎልማሳ ዶማውን ሰነዘረ። ክንድ ሳይወርድ ዶማው አፈር መምታቱን ተወ። ድምፁ ተለወጠ። በእጁ ሲስበው ቅርፊት ተግተልትሎ ወጣ፤ እንደተቀበረበት ቀን ያለ፣ ያልበሰበሰ። ከሥሩ ቅጠል መጣ። ሽታው ወጣ። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ሽታ። የጤፉ ሥር ወደ ታች ወርዶ፣ ቅርፊቱ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፏል፤ በር እንደተዘጋበት እንግዳ።

«ሁለተኛውን» አልሁ። እዚያም ያው። ሦስተኛውንም ቆፈሩ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ይቺ ሴትዮ ስንት ሬሳ ቀብራ ኖሯል እባካችሁ!» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ አልቆየም።

መሪጌታ ቅርፊቱን በበትራቸው ገለበጡት። «ጥሩወርቅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አጽድቼ አስረክባለሁ ያልሽው ይኼን ነው?»

«አዎ የኔታ።»

«መኪና ቸገረሽ?»

«አልቸገረኝም። ቆጥቤ ነው።»

ከጠበቅሁት ስድብ አንዱም አልመጣም። ይልቅ እትዬ የውብዳር ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ያን ማታ ያጎረሱኝ እጃቸው ነው። ቅርፊቱን አፍሰው ወጡ፤ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርደው ከፈቱና ጨመሩበት። ሁለተኛ ወርደው ጨመሩ። ቦርሳው እስኪሞላ።

«ንብረትሽ ነው» አሉኝ። «ይዘሽ ሂጂ።» ጥሩዬ አላሉኝም።

ፍርዱ አጭር ነበር። አያ ምናሉ አይወጡም፤ ስለ በዓሉ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይጨርሱ ተባለ። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ጉድጓድ ከፍቼ፣ ቅርፊቱን አውጥቼ፣ በፍግና በጥቁር አፈር ሞልቼ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት እንዳስረክብ፤ ካሳንና ሠራተኞቹን ማምጣት እችላለሁ፣ ግን ራሴም እንድቆፍር። «እጇ ይወቀው» አሉ መሪጌታ። ጤፉ ከታጨደ በኋላ መጥቼ ቆፈርሁ። እጄ አወቀው። መዳፌ ተልጦ፣ ድኖ፣ እንደገና ተላጠ። ደመላሽ አልፎ አልፎ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ፣ «እትዬ፣ አጉርሻቸው!» ይለኛል። ካሳ የነገረው መሆን አለበት።

ይህን የጻፍሁት ቆፍሬ ስለጨረስሁና ነገሩ ስላለቀ እንዳይመስላችሁ። ጉድጓዱን ስንጨርስ የግብርና ባለሙያ አምጥቼ ነበር፤ ነገሩ አልቋል የሚል ቃል ለመስማት። አፈሩን በጣቱ ፈርፍሮ፣ «ጉድጓዱ ቀላሉ ነው» አለኝ። ዛፉ ለዓመታት የጠጣው፣ ቅጠሉ ለዓመታት ያራገፈው ነገር በጉድጓዶቹ መሐል ባለው መሬት ውስጥ ሁሉ አለ፤ ቅርፊቱ ጎልቶ ታየ እንጂ የደመላሽን ማሳ ያሳሳውም ያው ነው። ጤፍ አትዝሩበት፤ ግብጦ ዝሩ፣ ፍግ ጨምሩ፣ አመድ በትኑ፣ ከብት አታስገቡ አለ።

«ስንት ዓመት?» አልሁት።

«ምን ልዋሽሽ፣ አላውቀውም» አለኝ። ለእኔ እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ግብጦ ታውቃላችሁ፤ ቀናት ሙሉ ወንዝ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ የማይበላ መራራ ነገር። ዘሩን በየዓመቱ የማመጣው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት የሞላሁት አፈር ሰምጦ ውኃ ስለያዘ ግብጦው ክቦቹ ላይ አጥሮ በቀለ፤ መስመሮቼ እንደገና ታዩ። በሁለተኛው ደበዘዙ። ዘንድሮ ለሚያውቅ ዐይን ብቻ ነው የሚታዩት። እኔ አያቸዋለሁ።

ነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ባሕር ዛፍ አትሽጡ አልላችሁም፤ እኔም እሸጣለሁ። ያለ አጠና ቤት የለም። አሁን ግን የምገዛው በገደልና በተቦረቦረ መሬት የበቀለውን ነው፤ ጥቁር መሬት ላይ አላስተክልም። ቢቸና ላይም የሚሰጠኝ የለም፤ ምርጫዬ ብቻ አይደለም። ያችን ዐረፍተ ነገር ከውሌ አውጥቻታለሁ። እንደተረከብሁት የሚመለስ መሬት አላየሁም። እናንተ መሬት የምትሰጡ ገበሬዎችም፣ ነጋዴ ሜዳ አድርጎ ሲያስረክባችሁ ዶማ ይዛችሁ ሂዱ። ከምርቃቱ በፊት።

አሁንም የሚከብደኝ ሌላ ነው። አያ ምናሉ ይቅር ብለውኛል፤ ከዚያችው ቀን ጀምሮ። ዛሬ ግን በዓል የተባለ ሁሉ፣ ጎረቤቶቻቸው የሚያርሱበትን ትንሹን እንኳ ሳይቀር፣ ሞፈር አይነኩም። በመከር ጊዜ ደግሞ የራሳቸውን ሳያጭዱ መጀመሪያ የሚሄዱት ደመላሽ ማሳ ነው። ደመላሽ ኧረ ይተዉ ብሎ ሰልችቶታል። እኔም ባለፈው የግብጦ ዘር ይዤ ስሄድ አገኘኋቸውና አልቻልሁም።

«አያ ምናሉ፣ በዐይንዎ አይተዋል እኮ! ሰይፍ አልነበረም። ቅርፊት ነው። የቀበርሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«አይቻለሁ ልጄ።»

«ታዲያ ምነው?»

ማጭዳቸውን በአውራ ጣታቸው ሞከሩ። እንደ ልማዳቸው መሬት መሬት እያዩ፣

«በረዶውንስ አንቺ ነሽ የቀበርሽው?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ደመላሽ ማሳ ሄዱ።